የሸንኮራ አገዳ ጉርጥን ሳናሠቃይ ማስወገድ እንዴት ይቻላል?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በኩዊንስላንድ፣ አውስትራሊያ ነው። የሰፈራችን ነዋሪዎች በዝናብ ወቅት ማታ ማታ እየወጡ የሸንኮራ አገዳ ጉርጥ የሚባለውን ከውጭ የመጣ መርዛማ ጉርጥ የሚለቅሙበት የበጎ ፈቃድ ቡድን ስላለ በቅርቡ ተቀላቅያለሁ። ጉርጡ በአገሩ የዱር እንስሳት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ስለማውቅ በሙሉ ልቤ ነበር የጀመርኩት፤ ሆኖም በመጀመሪያው ምሽት አንድ ጎረቤቴ ጉርጦቹን በዱላ ሲመታ አይቼ እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ። ሳይሠቃዩ የሚወገዱበት መንገድ ይኖር ይሆን? የ9 ዓመት ልጄም አብራኝ መውጣት ትፈልጋለችና ስለ መርዙ ምን ጥንቃቄ ላድርግ?

ምላሽ 1
እንቅልፍ መንሣቱ ተገቢ ነው። ጉርጡ እ.ኤ.አ. በ1935 ከሃዋይ የመጣው የአገዳውን ጥንዚዛ ይበላል ተብሎ በሰው እጅ ነው፤ ስለዚህ የእኛን ስሕተት በእርሱ ሥቃይ ልናስከፍለው አይገባም። በዱላ መምታትም ሆነ ጨውና ፀረ ተባይ መድፋት ጭካኔ ነው፤ የኩዊንስላንድ የእንስሳት ጥበቃ ሕግም ጉርጡን ከጥበቃው አላወጣውም። ደግሞም ዱላ ሲያርፍበት መርዙ ወደ ዓይን ሊፈናጠር ይችላል።

ብዙዎች የሚጠቀሙበት መንገድ ጉርጡን አየር ባለው መያዣ አድርጎ በመጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር፣ ፈዝዞ መንቀሳቀስ ሲያቆም ደግሞ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት ነው። ተመራማሪው ሪክ ሻይን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት የጉርጦቹን የአንጎል እንቅስቃሴ በዚህ ሂደት መዝግበው የሕመም ምልክት አላገኙም። ፍሪጁን ዘልሎ በቀጥታ ፍሪዘር ውስጥ መክተት ግን አይገባም።

ምላሽ 2
እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ የሚቀድመው ነገር ነው፤ የያዝነው በእርግጥ ጉርጥ መሆኑ። አዲስ ሰዎች የአገሩን እንቁራሪት በስሕተት ሲለቅሙ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ይህ ልንጠብቀው የወጣነውን ራሱን መግደል ነው። ያደገ ጉርጥ ከዓይኑ በላይ ጎልቶ እስከ አፍንጫው የሚወርድ አጥንታማ ሸንተረር፣ ከትከሻው በላይም መርዝ የሚያመነጩ ሁለት ትላልቅ ዕጢዎች አሉት። ትንንሾቹ ላይ እነዚህ ምልክቶች ጎልተው ስለማይታዩ፣ ከተጠራጠሩ ፎቶ አንሥተው ይልቀቁት።

ልጅዎ መብራት በመያዝና በመቁጠር ብትጀምር መልካም ነው። ጉርጥ የሚነካ ሁሉ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርግ፤ እጁንም ሳይታጠብ ዓይኑንና አፉን አይንካ።

ምላሽ 3
ቀደም ሲል በተባለው ላይ እንቁላሉን ልጨምር። አንዲት ሴት ጉርጥ በአንድ ጊዜ ከ8,000 እስከ 30,000 እንቁላል ልትጥል ስለምትችል፣ አንድ ኩሬ ማጽዳት የብዙ ምሽት ልቀማ ያህል ዋጋ አለው። እንቁላሉ ጥቁር ዶቃ የተሰካበት ረጅም ዝልግልግ ክር ይመስላል፤ ያገሬው እንቁራሪቶች የሚጥሉት ግን በአብዛኛው አረፋ ወይም እብጥ ብሎ የተከማቸ ነው። ክሩን በጓንት አውጥቶ ከውኃው ርቆ ደረቅ መሬት ላይ ማስጣት ይበቃል፤ ነገር ግን እንቁላሉም መርዛማ ስለሆነ ውሻ በማይደርስበት ቦታ ይሁን።

ጠያቂው
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ነገ ማታ ከመውጣታችን በፊት ስለ ዱላው ጎረቤቴን በትሕትና አነጋግረዋለሁ፤ በቤታችን ያለውን ትርፍ ፍሪጅም ለቡድኑ አውለዋለሁ። ልጄ ቆጠራውን የምትጽፍበት ደብተር ከወዲሁ አዘጋጅታለች።