ደቻቱ ዳር ቤት ልከራይ ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም የድሬዳዋ ልጆች! ከደብረ ብርሃን ለሥራ የመጣሁ ነኝ። ከዚራ ሰፈር የዛፎቹ ጥላ ልብ ይሰርቃል፣ ኪራዩ ግን አይቀመስም። ደላላ ደቻቱ ወንዝ ዳር ረከስ ያለ ሁለት ክፍል አሳየኝ። ችግሩ ግድግዳው ነው። አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ግን እስከ ወገቤ ድረስ ቡናማ መስመር ከሥሩ ይታያል። ደላላው «የድሮ እርጥበት ነው» ብሎ አለፈው። እርጥበት እንዲህ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል እንዴ?

ወንዙ አሁን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ግን ደጋው ላይ ከዘነበ፣ ድሬ ጠብ ሳይል ጎርፉ ይደርሳል ይባላል። በ1998 ክረምት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። ከዚያ ወዲህ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል።

አቦ፣ እዚያ ክረምትን ያሳለፋችሁ ንገሩኝ፤ ግንቡ ያስተማምናል? ጎርፍ ሲመጣ ማን ያስጠነቅቃል?

ሌላው ሙቀቱ ነው። የሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ የምተኛው ቀን ነው፤ ቤቱ ደግሞ ቆርቆሮ እንጂ ኮርኒስ የለውም። በቬንትሌተር ብቻ ይቻላል? ሳቢያን ሰፈር በኩል በተመጣጣኝ ዋጋ የምታውቁት ቤት ካለም ጠቁሙኝ። ደላላው ቀብድ እስከ ቅዳሜ ብሎኛል።