የልዑል ኦይገን የክረምት ቤት፦ የጥቅምት ጉብኝት ዕቅድ (ሁለተኛ ረቂቅ)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸውና። ከማኅበሩ 600 ዩሮ ወጥቶ ለልጆቻችን ባለ 16 ገጽ የአማርኛ መጽሔት ይታተማል። መጽሔቱን ይዘን እዚሁ ቪየና፣ ሂመልፕፎርትጋሴ በሚባለው መንገድ ያለውን «የልዑል ኦይገን ቤተ መንግሥት» እንጎበኛለን። ኦይገን የኦስትሪያ የጦር አዛዥ የነበረ ነው። አስተያየት እስከ ዓርብ።

የ10ኛ ወረዳ አባል፦ ኦይገን ነግሦ ያውቃል? ያልነገሠ ሰው ቤተ መንግሥት የለውም። «የልዑል ኦይገን ግቢ» ተብሎ ይታረም። ባለፈው መጽሔት ምን ያህል እንደተሳቀብን ረሳችሁት?

የሥነ ሕንፃ ባለሙያ፦ ስሙ ይቆየን። አርክቴክቱ ፊሸር ፎን ኤርላህ እ.ኤ.አ. በ1690ዎቹ ሲጀምረው የቤቱ ፊት በአንድ ፎቅ ሰባት መስኮት ነበረው። ልዑሉ የጎረቤቶቹን ቤት እየገዛ ሌላው አርክቴክት ሂልዴብራንት አሥራ ሰባት አደረሰው። መንገዱ ግን ጠባብ እንደሆነ ቀረ፤ ፊት ለፊት ቆሞ ሙሉውን ማየት አይቻልም። በበሩ ግራና ቀኝ ያሉትን ቅርጾች ልጆቹ ቀርበው ይዩ፤ በአንደኛው የተረቱ ጀግና ኤኔያስ ከሚነደው ከተማ ከትሮይ አባቱን ተሸክሞ ሲወጣ ይታያል። ዋናው ሥራ ውስጥ ያለው ደረጃ ነው። የቀራፂው የጁሊያኒ ግዙፍ የድንጋይ ሰዎች አጎንብሰው በትከሻቸው ተሸክመውታል፤ በአጠገባቸው ስታልፉ የጡንቻቸው ውጥረት የእናንተን ትከሻ ያሳምማችኋል። መጽሔቱ ስለዚህ ደረጃ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ 600 ዩሮ የለም። የለቅሶው ወጪ ወጥቶ የቀረው 410 ነው።

የ10ኛ ወረዳ አባል፦ ስለ ስሙ እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

ምግብ ኮሚቴ፦ ሐረር እያለሁ የራስ መኮንን ቤተ መንግሥት ሲባል ነው የሰማሁት። ራስ መኮንን የት ነገሡ?

የ10ኛ ወረዳ አባል፦ እትዬ፣ እሱ የሰው አነጋገር ነው፤ አይታተምም።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ ፋሲል ግቢስ? እንደ አንተ አባባል አፄ ፋሲል አልነገሡም ማለት ነው።

የ10ኛ ወረዳ አባል፦ ጋሼ፣ ግቢ ማለት በአጥር ያለው ሁሉ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ በውስጡ ነው። ጎንደር ተወልጄ ጎንደርን አይንገሩኝ።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ ታዲያ ይህ ቤት አጥሩ የታለ? በሩ መንገድ ላይ ነው! ይህን ማኅበር ስንመሠርት አንተ ቪየናን በካርታም አታውቃትም ነበር።

ሰብሳቢ፦ ሁለታችሁም ይብቃችሁ። ቤቱን ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1752 ገዝታዋለች፤ ከ1848 ጀምሮ የገንዘብ ሚኒስቴር ነው። መንግሥት ያለበት ቤት ስለሆነ ቤተ መንግሥት ቢባል ያስኬዳል።

የ10ኛ ወረዳ አባል፦ የቀበሌ ጽሕፈት ቤትም ቤተ መንግሥት ነዋ!

የሥነ ሕንፃ ባለሙያ፦ ችግሩ እሱ ነው፤ ሚኒስቴር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2017 ሙዚየም ሆኖ ክፍት በነበረ ጊዜ እንሂድ ስል የሰማኝ አልነበረም። አሁን ፈቃድ ያስፈልጋል። በጀርመንኛ ደብዳቤውን እጽፋለሁ ያለው ሰው የት ደረሰ?

ጸሐፊ፦ ሁለት ጊዜ ደውዬለታለሁ፤ አያነሣም።

የ10ኛ ወረዳ አባል፦ ጋሼ፣ ትናንት በቁጣ ነው የተናገርሁት፤ ይቅርታ። በስሙ ላይ ግን አሁንም አልተስማማሁም።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ ምንም አይደል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን።

ምግብ ኮሚቴ፦ የዚሁ ሰውዬ የበጋ ቤት ቤልቬደር አይደል? የአትክልት ስፍራው በነፃ ይገባል፤ ለልጆቹም መሮጫ አለው። ከዚያ በአዳራሻችን ምሳ እንብላ።

ሰብሳቢ፦ ጥሩ ሐሳብ ነው።

የሥነ ሕንፃ ባለሙያ፦ ደረጃውስ? ልዑሉ በ1736 የሞተው በክረምቱ ቤት ነው። በፓሪስ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የናቀው ልጅ እዚህ መጥቶ ምን እንደሆነ የሚነገረው እዚያ ቆሞ ነው።

ጸሐፊ፦ በመጽሔቱ አንድ ገጽ እንሰጠዋለን። መጽሔቱ አራት ገጽ ሆኗል፤ በፎቶ ኮፒ። ለምሳ 330፣ ለኮፒው 80።

ምግብ ኮሚቴ፦ ወቅቱ ጽጌ ነው፤ የምንጾም አለን። የጾሙ ወጥ ለብቻው ይሠራ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለት ድስት ከሆነ ሌላ 60 ዩሮ ይጨመራል። ከመጽሔቱ ይቀነስ።