ጳጉሜ ያለበትን ዳታ ግኑፕሎት (የግራፍ መሳያ ፕሮግራም) ላይ እንዴት ላስነብበው?

ሰላም ወገኖች፣ የደብረ ብርሃን አካባቢ የሌሊት ቅዝቃዜ በየቀኑ የተመዘገበበት ሲኤስቪ ፋይል አለኝ፣ ውርጩ ገብሱን መቼ መቼ እንደሚመታው በግራፍ ላሳይ ብዬ ሴፓሬተሩን (ዓምዶቹን የሚለየውን ምልክት) ኮማ አደረኩት የቀኑንም ፎርማት ሰጠሁት ግን ቀኑ በኛ አቆጣጠር ስለሆነ 2015-13-04 ላይ ሲደርስ ይዘበራረቃል። ጥቅምት 30ም ያው ነው፣ ለግኑፕሎት 2ኛው ወር የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ስለሆነ 30 ቀን የለውማ፣ እኔ ደግሞ ዋናው የምፈልገው የጥቅምትና የህዳሩን ብርድ ነው።

ከወሩ 1 ቀንሼ በ30 አባዝቼ ቀኑን ብደምርበት የዓመቱን ስንተኛ ቀን እንደሆነ ይሰጠኛል፣ ግን ቀኑን ለመከፋፈል ሰረዟንም ሴፓሬተር ካደረኳት -3 ዲግሪ የሚለው 3 ሆኖ ይነበባል፣ ውርጩ ጠፋ ማለት ነው! ዩዚንግ (ዓምድ የሚመረጥበት ትዕዛዝ) ውስጥ ቀኑን ብቻ ቆርጦ ማስላት ይቻላል ወይስ በፓይተን ቀድሜ ላስተካክለው? የሞከረ ሰው ካለ እባካችሁ መስመሩን ጻፉልኝ።