ከገዛሁት ቁርጥራጭ ብረት መሃል የጨረር ምልክት ያለበት ዕቃ አገኘሁ፣ ምን ላድርገው?

ምናለሽ ተራ፦
ሰላም ወገኖች። ቁርጥራጭ ብረት እየገዛሁ ነው የምሸጠው። ትናንት በኪሎ ከገዛሁት መሃል አንድ ክብ ዕቃ አለ። ቁመቱ ከትንሽ ባልዲ አይበልጥም፣ ግን ሁለት ጎረምሶች እያቃሰቱ ነው ያወረዱት። ውስጡ እርሳስ ሳይሆን አይቀርም። ጎኑ ላይ በቢጫ መደብ ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት አለው፣ ጽሑፉ ተፍቋል። ልጆቹ "በግራይንደር እንክፈተውና እርሳሱን እንሽጠው" ይላሉ። ምልክቱን ራጅ ክፍል በር ላይ ስላየሁት ፈራሁ። ገንዳ ውስጥ ልጣለው ወይስ ልቅበረው?

ጋራዥ ሰፈር፦
ኧረ በእመቤቴ እንዳትነካው! የሚያውቅ ሰው እስኪመልስልህ ልጆቹን ከዚያ አስወጣቸው።

ሜዲካል ፊዚክስ፦
ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅህ። አትክፈተው፣ አትጣለው፣ አትቅበረው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርስባችሁ ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ራቅ በሉ፣ አካባቢውን በገመድ ከልሉ፣ ለፖሊስና ለጨረር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አሁኑኑ ደውሉ። ባዶ መያዣ ሊሆን ይችላል፤ ግን በዓይን አይለይም፣ አይሸትም። የሚለየው መለኪያ ብቻ ነው።

የምሠራው የካንሰር ጨረር ሕክምና ላይ ነው። ያንተን ጽሑፍ ሳነብ ጎያኒያ ትዝ አለችኝ። በዚህች የብራዚል ከተማ አንድ የሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1985 ሕንፃውን ሲለቅ የጨረር ማሽኑን እዚያው ትቶት ሄደ። በ1987 ሁለት ሰዎች ለብረቱ ብለው ፈታቱት። ውስጡ ጨረር የሚያወጣ 93 ግራም የሲዝየም-137 ጨው ነበር። ከእነሱ የገዛው የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ጨው በጨለማ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ሲሰጥ ቢያይ ተገርሞ ለዘመድና ለወዳጅ አከፋፈለው። የ6 ዓመቷ የወንድሙ ልጅ ተጫወተችበት፣ በዚያው እጇ ምግብ በላች። ነገሩን የነቃችበት የነጋዴው ሚስት ናት። ቤተሰቡ ሁሉ ሲታመም አይታ ቅሪቱን በከረጢት አስይዛ በአውቶቡስ ጤና ቢሮ ወሰደችው። በማግሥቱ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ መለኪያ ተውሶ መጣ። ገና ቦታው ሳይደርስ መለኪያው ጣራ ነካ። ተበላሽቷል ብሎ ተመልሶ ሌላ አመጣ። ያም እንደዚያው! ከሞቱት 4 ሰዎች መካከል ትንሿ ልጅና ያቺ ሚስት ይገኛሉ።

ቀጥሎ ቤት ፈረሰ፣ አፈር ተዛቀ፣ የሰው ልብስና ዕቃ ሳይቀር ተሰብስቦ ታሸገ። ከ93 ግራም 3,500 ሜትር ኩብ ያህል ቆሻሻ ወጣ። ሲዝየም-137 በየ30 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ወደ ሺህኛው ለመውረድ 300 ዓመት ይፈጅበታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ማሽን ሲገዛ ሪባን ይቆረጣል፤ ሲያረጅ ወደ አምራቹ የሚመለስበት ውልና ገንዘብ ግን የዚያኑ ቀን መያዝ ነበረበት። ካልተያዘ ዕቃው ወይ መጋዘን ጥግ ይረሳል፣ ወይ አንተ ጋ ይደርሳል።

ከታምፐሬ፦
እኔ ያለሁት ፊንላንድ ነው። እዚህ ኦንካሎ የሚባል ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ዋሻ አለት ውስጥ ተቆፍሯል። ያገለገለው የኑክሌር ነዳጅ በመዳብ መያዣ ተደርጎ፣ ዙሪያው በቤንቶናይት ሸክላ ተጠቅጥቆ ይቀበርበታል ተብሎ ነው የተሠራው። የእኛንስ እዚያ መላክ አይቻልም?

ሜዲካል ፊዚክስ፦
አይቻልም፣ ሕጋቸው የሌላ አገር የኑክሌር ቆሻሻ እንዳይገባ ይከለክላል። ደግሞም የዚያ ነዳጅ ባለቤት ይታወቃል፤ የማስወገጃውን ገንዘብ የሚከፍሉት ኃይል አመንጪዎቹ ናቸው። የእኛ ችግር ባለቤቱ የጠፋ ትንሽ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለው አምራቹ ከተገኘ ይመለስለታል፤ ካልሆነ በባለሙያ ታሽጎ በሚጠበቅ መጋዘን ይቀመጣል።

ምናለሽ ተራ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ደውያለሁ፣ መንገድ ላይ ነን ብለዋል። ልጆቹንም አስወጥቻቸዋለሁ። የከፈልኩበትስ ቀለጠ ማለት ነው?

ሜዲካል ፊዚክስ፦
ስለ ገንዘቡ ቃል ልገባልህ አልችልም፤ ሲመጡ ራስህ ጠይቃቸው። አሁን ግን ከማን፣ በስንት ሰዓት እንደገዛህና አብሮት ምን እንደመጣ ጻፍ። ከዚያው ጭነት የሸጥከው ካለም ለማን እንደሆነ ንገራቸው። ያመጣልህን ቆራሌውም ፈልገው፤ ከየት እንዳነሳው የሚያውቀው እሱ ነው፣ እዚያ ሌላም ሊኖር ይችላል።