የሦስት ቅጽ ልብ ወለዴ መካከሉ ላላብኝ፤ ምን ላድርግ?

ብራና (ጠያቂ)፦ ከመጽሐፈ ሄኖክ ተነስቼ በሦስት ቅጽ የሚያልቅ ምናባዊ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። አንደኛው ቅጽ ሁለት መቶው ትጉሃን (ከሰማይ የወረዱት መላእክት) በአርሞንዔም ተራራ ተማምለው ወርደው ሴቶች ሲያገቡ ያልቃል። ሦስተኛው የጥፋት ውኃ ነው። ሁለተኛው ግን ግዙፋን ልጆቻቸው ሰው ሲበሉ፣ ሰው ሲሸሽ፣ እንደገና ሲበሉ ብቻ ሆነ። ረቂቁን ያነበበች ጓደኛዬ «ውኃው ቶሎ ይምጣና እንገላገል» አለችኝ።

የቆሎ ተማሪ፦ ወንድሜ፣ የምትፈልገው በመጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 12 እስከ 16 ተቀምጦልህ ጦርነት ፍለጋ ሄድክ! ትጉሃኑ ፍርዱን ሲሰሙ ከእፍረት የተነሳ ወደ ሰማይ ቀና ማለት አቃታቸውና ሄኖክን አቤቱታ አጻፉት። እርሱም በዳን ውኃ አጠገብ ተቀምጦ እያነበበው እንቅልፍ ወሰደው። በራእይ ያገኘው መልስ እምቢታ ነው፤ እንዲያውም ስለ ሰው መለመን የሚገባችሁ እናንተ ነበራችሁ ተባሉ። ይህን ይዞ ፊታቸውን ሸፍነው ወደሚያለቅሱት መመለስ አለበት። አቤቱታው በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ይጻፍ፣ መልሱ በመጨረሻ ይድረስ። አባቶቹ ምሕረት እየጠበቁ ልጆቹ ሰው ሲበሉ፣ እያንዳንዱ ግድያ አቤቱታውን ያበላሸዋል።

አንባቢዋ፦ እኔ ደግሞ ያለፈውን ቅጽ እንደገና የሚተርክ ረጅም መግቢያ ካየሁ መጽሐፉን እዘጋዋለሁ። ከትጉሃኑ ለአንዱ የተዳረች ሴት ስጠንና ያለፈውን በእርሷ አፍ፣ በጭቅጭቅ መካከል እንስማው። መጽሐፈ ሄኖክ ስለ እነዚህ ሚስቶች እምብዛም ስለማይናገር እንደ ልብህ ትጽፋለህ።

ዘደብር፦ ልጄ፣ መጽሐፈ ሄኖክ በቤተ ክርስቲያናችን ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ መሆኑን አትርሳ። መምህራኖቻችን ደግሞ በዘፍጥረት ምዕራፍ 6 «የእግዚአብሔር ልጆች» የተባሉት ከደብር ቅዱስ (ከተቀደሰው ተራራ) ወርደው ከቃየን ልጆች ጋር የተቀላቀሉ ደቂቀ ሴት (የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች) ናቸው ብለው ይተረጉማሉ። መላእክት ናቸው ብለህ ከጻፍክ፣ ልብ ወለድ መሆኑን በመቅድምህ ግለጽ። በቅዱሳን መላእክት አፍም የፈጠርከውን ንግግር አታስገባ።

የቆሎ ተማሪ፦ አባቴ፣ ትልቅ ነገር አነሱ። ብራና፣ ልዩነቱን ራሱን ተጠቀምበት እንጂ አትሽሸው። ከግዙፋኑ አንዱ አባቱ መልአክ ይሁን ከደብር የወረደ ሰው አይወቅ፤ እናቱን ሲጠይቃት ዝም ትበለው።

አንባቢዋ፦ እናቱ የእኔዋ ሴት ትሁን!

ብራና፦ አባቴ፣ መቅድሙን እጽፋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ከትጉሃኑ አንዱ የሆነውን፣ ለሰዎች የጦር መሣሪያ መሥራት ያስተማረውን አዛዝኤልን በሁለተኛው ቅጽ ልሰረው ወይስ ለሦስተኛው ላቆየው?

የቆሎ ተማሪ፦ በሁለተኛው እሰረው። ሩፋኤል አንዲት ቃል ሳይናገር እጅና እግሩን አስሮ ዱዳኤል በሚባለው ምድረ በዳ ጨለማ ውስጥ ይጣለው፣ ሹል ድንጋይም ይጫነው፤ እንዲህ ከሆነ የአባታችንም ምክር ይጠበቃል። አዛዝኤል ያሠራቸው ሰይፍና ጋሻ ግን በሰው እጅ ይቅር። በሦስተኛው ቅጽ ከውኃው በፊት ሰዎቹ ያለ አስተማሪ ይጨራረሱበታል።