አንዱ መንታ ሉኪሚያ ሲይዘው ሌላውስ?

ግሽ ዓባይ ሲስተር
ሰላም፣ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። አንድ የ3 ዓመት ልጅ ኤኤልኤል (አጣዳፊ የሊምፍ ሴሎች ሉኪሚያ፣ የደም ካንሰር) ተገኝቶበት ቁርጥ እሱን የሚመስል መንታ ካለው፣ እናት ሁለት ነገር ትጠይቃለች፦ «እርጉዝ ሆኜ ምን ነካኝ? ምች ነው ወይስ የሐይቁ ውሃ?»፤ «ይኸኛውስ?»። በሽታው ከማኅፀን ይጀምራል ሲባል ምን ማለት ነው? ለኤችአይቪ እንደምንወስደው ያለ የዲቢኤስ (የደረቀ የደም ጠብታ) ካርድስ ይረዳል?

መቅኒ
ሲስተር፣ ከማኅፀን ጀመረ ማለት በዘር ወረደ ማለት አይደለም። እናትየው መጀመሪያ መስማት ያለባት ይህንን ነው። ፅንሱ ደም ሲሠራ በአንዲት ሴል ውስጥ የ12ኛውና የ21ኛው ክሮሞዞም ቁራጮች ቦታ ይለዋወጡና ቴል-ኤኤምኤል1 የሚባል ጂን ይፈጠራል። ከእናትም ከአባትም አልመጣም። መንታዎቹ አንድ እንግዴ ልጅ ከተጋሩ የደም ሥሮቻቸው ስለሚገናኙ፣ ከዚያች ሴል የተባዙት ሴሎች ወደ ሁለተኛው ይሻገራሉ። የለንደኑ ተመራማሪ ሜል ግሪቭስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 መሻገሩን ኤምኤልኤል የሚባል ሌላ ጂን በተሰበረባቸው ጨቅላ መንታዎች አሳይተዋል፤ ጂኑ የተሰበረበት ቦታ በሁለቱም ልጆች አንድ ነበር።

ያቺ ሴል ግን ብቻዋን አታሳምምም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የእትብት ደም ጥናት ይህን ጂን ከ100 ጨቅላዎች በ1 ገደማ አግኝቶታል፤ ኤኤልኤል የሚይዘው ግን ከ2000 ልጆች 1 ገደማውን ነው። ከተወለዱ በኋላ በሴሏ ጂኖች ላይ ሁለተኛ ጉዳት መጨመር አለበት። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ለታመመ ልጅ መንታ፣ ዕድሉ ከ100 ከ10 እስከ 15 ነው። የመጀመሪያው የታመመው 1 ዓመት ሳይሞላው ከሆነና የተሰበረው በ11ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ኤምኤልኤል ጂን ከሆነ ግን ወደ 100 ይጠጋል፤ ያኔ ሌላውን በዚያው ቀን መርምሩት።

ምች አይደለም፤ የሐይቁን ውሃ መውቀስም መሠረት የለውም። በእርግዝና ጊዜ የሆድ ራጅ አደጋውን በመጠኑ እንደሚጨምር እንግሊዛዊቷ ሐኪም አሊስ ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሳይታለች፤ የተባይ መድኃኒትም ተያያዥነት ታይቶበታል። ቢሆንም ለአንዲት እናት «የአንቺ ልጅ በዚህ ነው» ማለት አይቻልም፤ አይባልምም።

የጣና ዳር ላብ
ካርዱ ለምርምር እንጂ ለልጁ አይጠቅምም። የደረቀች ጠብታ የምትይዘው ሴል ጥቂት ስለሆነ ጂኑ ባይገኝ «የለም» አያሰኝም፤ ቢገኝም የሚሰጥ ሕክምና የለም። ለጥናት የምትወስዱ ካላችሁ ጥላ ውስጥ፣ ሳትደራርቡ፣ ቢያንስ 4 ሰዓት አድርቁ፤ ክረምት ላይ የሐይቁ እርጥበት ስላለ ከዚያም በላይ። እርጥቡን ካሸጋችሁት ይሻግታል፣ ዲኤንኤውም ይበላሻል።

ለመንታው የሚበጀው ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) እና በማይክሮስኮፕ በዓይን የታየ የደም ስላይድ ነው። ማሽኑ ብላስትን (ያልበሰለውን የሉኪሚያ ሴል) ሊምፎሳይት ወይም ሞኖሳይት፣ ማለትም ጤነኛ ነጭ ሴል ብሎ ሊቆጥር ይችላል። ለወባ የሠራችሁት ስላይድ ካለ ስሱን ክፍል እዩት፤ ወፍራሙ ላይ የነጭ ሴል ቅርጽ ስለሚበላሽ አይታመንም።

ቀበሌ 11
መቅኒ፣ 1 በመቶ ያልከውን በኋላ በሌላ ዘዴ የለኩት ወደ 5 አድርሰውታል፤ መልእክትህን ያጠናክረዋል እንጂ አይለውጠውም። ክትትሉንም ቶሎ አትዝጉት፤ አንደኛው በ5 ዓመቱ ሌላው 14 ሊሞላው ሲል የታመሙ መንታዎች ተመዝግበዋል።

መገርጣት፣ ያለ ምት የሚወጣ ሰማያዊ ነጥብ፣ የአጥንት ሕመም፣ ማነከስ ሲታይ ስላይዱ ይደገም። እኛ አካባቢ «ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው» እየተባለ ሳምንታት ያልፋሉ። ከሊቦ ከምከም ወይም ከመተማ በኩል የመጣ ከሆነ ካላዛርም አስቡ፤ እሱም ጣፊያ ያሳብጣል፣ የደም ሴሎችን ያወርዳል።

አደራ፣ ምርመራው ሳያልቅ እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ያለ ስቴሮይድ መድኃኒት አትስጡ። ብላስቶቹን ለጊዜው ያጠፋቸውና የመቅኒ ምርመራው ንጹሕ መስሎ ይወጣል።