ዌብሳይቴን ዘግቼ ቴሌግራም ጠቅልዬ ልግባ?

የፊዚክስ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ናችሁ? 12ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችን ከነአሠራራቸው፣ በአማርኛ እያብራራሁ የምጭንበት ትንሽ ዌብሳይት አለኝ። ማስታወቂያ የለውም፣ ክፍያ የለውም፣ ተመዝገቡም አይልም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎቼ የሚገዙት ለሶሻል ሚዲያ ብቻ የሚሠራውን ርካሽ ፓኬጅ ነው። ሊንኩን ግሩፓችን ላይ ስለጥፍ ወዲያው "ቲቸር፣ እምቢ አለኝ" ይመጣል። የአንዱን ስልክ ተቀብዬ አየሁት። ቴሌግራሙ ይሠራል፣ ቲክቶኩ ይሠራል፤ የኔ ገጽ ላይ ሲደርስ ያቺ ክብ ነገር ትዞር ትዞርና ነጭ ሆኖ ይቀራል። ልጁ ጎበዝ ተማሪ ነው። "ቲቸር፣ የእርስዎ ኢንተርኔት ላይ የለም እንዴ?" አለኝ። ለሱ ኢንተርኔት ማለት እነዚያ ሦስት አራት አፖች ናቸው።

ባልደረቦቼ "ምን አደከመህ፣ ሁሉንም ቻናል ላይ ገልብጠው" ይሉኛል። እኔ ግን ልቤ አልፈቀደም። ቻናል ላይ ዛሬ የለጠፍኩት ከወር በኋላ በመልእክት ክምር ተቀብሮ ነው የሚገኘው። ደግሞስ ፓኬጅ የሚሸጥ ድርጅት የትኛው ገጽ በርካሽ እንደሚታይ መወሰን አለበት? ሌላ አገር እንዴት አድርገውታል?

ሰርቨር ጠባቂ (አዲስ አበባ)

መምህር፣ ይሄ ጥያቄ ሕንድን ያነጋገረ ጥያቄ ነው። ፌስቡክ "ፍሪ ቤዚክስ" የሚባል ነገር ይዞላቸው ሄደ። የተወሰኑ ገጾችን ያለ ዳታ ሂሳብ ያስከፍት ነበር። ነፃ ነገር ማን ይጠላል? ግን የገጹ ባለቤት እዚያ ለመግባት ፌስቡክ ያወጣውን የቴክኒክ መስፈርት ማሟላት ነበረበት። ትራፊኩም የሚያልፈው በፌስቡክ ሰርቨር ነበር። ስለዚህ በሩ ላይ የቆመው አንድ ኩባንያ ነበር ማለት ነው።

ሕንዶቹ ዝም አላሉም። በ2015 እ.ኤ.አ. ለቴሌኮም ተቆጣጣሪያቸው ኢንተርኔቱ እኩል ይሁን የሚል ከ1 ሚሊዮን በላይ ኢሜይል ጎረፈ። ፌስቡክ በበኩሉ በየጋዜጣው ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ እየገዛ ተከራከረ። በፌብሩዋሪ 2016 ተቆጣጣሪው በይዘት እየለዩ የዳታ ዋጋ ማበላለጥን ከለከለ። ርካሽ ዳታ አልተከለከለም፣ ልብ ይበሉ። የሚቀንስ ለሁሉም ገጽ ይቀንስ ነው የተባለው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2021 እንዲህ ዓይነቱ ለተመረጡ አፖች የሚሰጥ ነፃ አገልግሎት ከክፍት ኢንተርኔት ሕጋቸው ጋር እንደማይሄድ ወስኗል።

ገጽዎን በውስጥ በላኩልኝ ሊንክ አየሁት። በጣም ከባድ ነው! ፎርሙላዎቹ በስልክ የተነሡ ፎቶዎች ናቸው። የአማርኛ ፎንትም ለብቻው ይወርዳል፤ አሁን ያሉት አንድሮይድ ስልኮች ግን የራሳቸው የግዕዝ ፊደል አላቸው። ፎንቱን ያውጡት፣ ፎርሙላውን በጽሑፍ ያድርጉት። ልጆቹ ሙሉ ዳታ ያገኙ ቀን ሳይበላባቸው ይከፍታሉ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ በየምዕራፉ ፒዲኤፍ ይልቀቁ፣ ግርጌው ላይ የዌብሳይቱ አድራሻ ይኑር። ዋናው ቅጂ እርስዎ ጋ ይቀመጥ፣ ዶሜይኑንም (የዌብሳይቱን ስም) እንዳይለቁ።

የባሕር ዳር ልጅ

እኔ ትንሽ ልቃወም። እኔ ራሴ በዚሁ በሶሻል ሚዲያ ፓኬጅ ነው ተምሬ ያለፍኩት። ኖት የምንለዋወጠው በሱ፣ ጥያቄ የምንሠራው በሱ። ያኔ አንድ ሰው "እኩል ይሁን" ብሎ ቢያስቀርብኝ ኖሮ ሙሉ ዳታ የምገዛበት ብር አልነበረኝም። መርሁ ሸጋ ነው፣ ግን ሆዱ የሞላ ሰው ክርክር እንዳይሆን።

የፊዚክስ መምህር

እውነትክን ነው ወንድሜ፣ የሚያስቀርባችሁስ አይምጣ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ባለ ብዙ ሜጋ የጭፈራ ቪዲዮ በርካሹ ይከፈታል፣ ባለ ጥቂት ኪሎባይት የኒውተን ሕግ ግን በውዱ። መስመሩን የሚያጨናንቀው ማን ሆነና?

እናት ነኝ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን፣ የእህቴ ልጅ እዚያው ማርቆስ ናት። እዚህ አሜሪካም ቢሆን ነገሩ እንደ ወንበሩ ባለቤት ነው የሚገለባበጠው። በ2015 የኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅት ገጽ ከገጽ እንዳያበላልጥ የሚል ደንብ ወጣ። በ2017 ሻሩት። በ2024 መለሱት። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ፍርድ ቤት ጣለው። ካሊፎርኒያ የራሷ ሕግ ስላላት እሷ ተረፈች። ስለዚህ ሕግ እስኪወጣ ብለው ገጹን አያዘግዩት። ሁሉን አንድ ሰው ቤት ማስቀመጥም ጥሩ አይደለም። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትሳፕ አንድ ላይ ለ6 ሰዓት ያህል ጠፍተው ዓለም ሁሉ ሲደናበር አይተናል።

የፊዚክስ መምህር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፎንቱን አሁኑኑ አወጣሁት። ፎርሙላዎቹን ቅዳሜና እሁድ መጻፍ እጀምራለሁ፤ ከኤሌክትሪሲቲ ምዕራፍ ነው የምነሣው፣ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። ሰርቨር ጠባቂ፣ የሰርኪት ሥዕሎቹንስ ምን ላድርጋቸው? እነሱን በጽሑፍ አይቻልም መቼም።

ሰርቨር ጠባቂ

በኤስቪጂ ይሣሏቸው፤ ሥዕሉን እንደ ፎቶ ሳይሆን በመስመር መግለጫ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት ነው። መስመር ብቻ ስለሆኑ አንዱ ሥዕል ከጥቂት ኪሎባይት አያልፍም። ሁለት ሦስቱን ይላኩልኝ፣ እኔ ሠርቼ አሳይዎታለሁ።